የእንግጫ ደሴት ቀይ አለላ

በሰለችን ያገኟት ውኃ ሊቀዱ የወረዱ ሴቶች ናቸው። ጉሙ ከባሕሩ ላይ መነሣት ጀምሮ ነበር። ከወደቡ አጠገብ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር፣ ጉልበት በማይደርስ ውኃ ውስጥ፣ በግንባሯ ተደፍታለች። ነጠላዋ በላይዋ ተንሳፍፎ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ቀስ እያለ ይመለሳል። ጆሮ ግንዷ ላይ ቁስል አለ። ከጭቃው ዳር ደግሞ እጀታው የበግ ቀንድ የሆነ ወስፌ ወድቋል። በእንግጫ ደሴት ስፌት የማትሰፋ፣ ወስፌ የሌላት ሴት የለችም። ይኼኛው የማን እንደሆነ ግን መጠየቅ ያስፈለገው ሰው አልነበረም። የምራቷ የእናናየሁ ነበር።

እሪታው ቀለጠ። ሬሳው ተገንዞ ተቀበረ፣ ሠልስቱም ወጣ። ከዚያ የሟቿ ወንድም፣ የደሴቲቱ ጭቃ ሹም ገብረኪዳን፣ ወደ አንኮበር ሰው ላከ። «ነፍሰ ገዳይዋን ይዘናል፤ የሚፈርድ ሰው ስደዱልን» የሚል ነበር መልእክቱ።

ጊዜው ቤተ መንግሥቱ ልቡን ከአንኮበር አንሥቶ ወደ እንጦጦ እየላከ የነበረበት ዘመን ነው። ስም ያላቸው ዳኞች ሁሉ ወደዚያው ተከትለው ሄደዋል። አንኮበር የቀሩት ወይ ያረጁ ወይ የተረሱ ነበሩ፤ ብላታ ዘርአ ዳዊት ደግሞ አርጅተውም ተረስተውም ነበር። ችሎት ላይ ያንቀላፋሉ እየተባሉ ይታማሉ። ሐሜቱ እውነት ነው። ነገር ግን ሲነቁ የሚጠይቋትን አንዲት ጥያቄ የሚፈራት ሰው ብዙ ነበር፤ «የተኛው ዳኛ» እያለ የሚስቅባቸውም ሰው ሙግት ሲጠብቅበት ደጃቸውን ይጠና ነበር።

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ከሚወስደው መንገድ ወጣ ብሎ፣ አገሩ ወደ ቆላው ተቆርሶ ሳይወርድ፣ በኮረብቶች መካከል የተኛ ውኃ አለ። የአገሩ ሰው ባሕር ይለዋል። ሌላ ባሕር አይቶ ስለማያውቅ አይፈረድበትም። ብላታና ሽማግሌው አሽከራቸው ገብረአብ በጥቅምት ማለዳ፣ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ሳለ፣ ከዳሩ ደረሱ። ፊላ ከሚሉት የውኃ ሣር የታሰረች ታንኳ ትጠብቃቸው ነበር።

«ይቺ ነገር ትሰጥማለች?» አሉ ብላታ።

«ፊላ ውኃ ይጠጣል እንጂ አይሰጥምም፣ ጌታዬ» አለ ባለ ታንኳው ወልደ ሰንበት።

«እኔስ?»

ወልደ ሰንበት ሆዳቸውን አየት አድርጎ ዘንጉን አነሣ።

ዘንጉን እየተከለ ገፋቸው። ጉሙ ከፊትም ከኋላም ዘጋ፤ ምድርም ሰማይም የሌለበት ነጭ ነገር መካከል የሚሰማው የውኃው ጠብታ ብቻ ሆነ። ብላታ ውኃ ይፈራሉ፤ ሆኖም በዚያ ዝምታ ውስጥ ፍርሃታቸው ቀስ በቀስ ለቀቃቸውና ዓይናቸው ከበደ። ሲገልጡት ፊት ለፊታቸው፣ በአየር ላይ፣ ቀይ ነገር ተንጠልጥሎ አዩ። ከሥሩ ቤት፣ ከቤቱ ሥር ድንጋይ፣ ከድንጋዩ ሥር ወደብ እየቆየ ተገለጠ። ከዚያ ደግሞ ከየጉሙ ቀዳዳ ቢጫ መጣ፣ ወይን ጠጅ መጣ፣ አረንጓዴ መጣ። በየቤቱ ክፈፍ ሥር ቀለም የጠጣ ሰንደዶ፣ አለላ የሚሉት፣ በእቅፍ በእቅፍ ታስሮ ተሰቅሏል። ደሴቲቱ በሞላ አንዲት ትልቅ መሶብ መሰለቻቸው።

«ጌታዬ፣ ነፍስ ጠፍቶ ነው የመጣነው» አለ ገብረአብ፣ ከታንኳው እየደገፈ ሲያወርዳቸው።

«አውቃለሁ። ትንሽ ልይበት።»

ገብረኪዳን ሕዝቡን ከወይራው ሥር ሰብስቦ ጠበቃቸው። ድምፁ ወፍራም ነው፤ ለጸሎት እንኳ የሚያንስለት አይመስልም።

«ምስክር አያሻም፣ ጌታዬ። ወስፌው ይኸውልዎ። ከአማቷ ጋር ስትጨቃጨቅ መክረማቷን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። በጉም ተከትላ ወርዳ ገደለቻት።»

ከፊታቸው ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል፤ የነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሯል። በአገሩ ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪያገኙ በልብስ ተቋጥረው አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ፤ ቁራኛ የሚሉት ይህንኑ ነው። ገብረኪዳን ግን ከሰው ሚስት ጋር ተቋጥሮ ማደር ነውር ስለሆነበት፣ በእሱ ፋንታ የሟቿ እህት ወለተሐና ተቋጥራለች። ወለተሐና ፀጉሯ የሸበተ፣ ጣቶቿ ከቀለም ብዛት የማይነጡ ባልቴት ናት። ከጎኗ ያለችው እናናየሁ ገና ልጅ እግር ናት፤ ዓይኗ ከለቅሶ ብዛት አብጧል።

ብላታ አስቀድመው መጠየቅ ያለባቸውን ጠየቁ። ነፍሰ ገዳይ ሲታወቅ ለባለ ደሞቹ ይሰጣል፤ ቢሹ ይገድሉታል፣ ቢሹ ይምሩታል። ዳኛ ከዚያ በላይ ሥልጣን የለውም።

«ባለ ደም ማን ነው?»

ሦስት ነበሩ፤ ወንድሟ ገብረኪዳን፣ እህቷ ወለተሐና፣ ልጇ ገብረ ጻድቅ። ገብረ ጻድቅ የእናናየሁ ባል ነው።

«ገዳዩ ቢታወቅ ምን ትሻላችሁ?»

«ደም በደም!» አለ ገብረኪዳን።

«እኔ ምንም አልልም» አለች ወለተሐና።

ገብረ ጻድቅ መሬት መሬት እያየ ቆየ። ረጅም፣ መልከ መልካም፣ ትከሻው የወደቀ ሰው ነው። እናናየሁ ፊቱን ፊቱን ታየዋለች።

«አጎቴ ያለው ይሁን» አለ በመጨረሻ።

ብላታ የልጅቱን ፊት ላለማየት ዞር አሉ። ባልየውን በዚያች ቅጽበት ጠሉት፤ ዳኛ መጥላት እንደማይገባው እያወቁ ጠሉት።

በማግስቱ ሁለቱን ሴቶች ከወለተሐና ቤት ደጃፍ፣ ከቀዩ አለላ ሥር፣ አስቀምጠው መመርመር ጀመሩ። ገብረኪዳን ሳይጠራ መጥቶ ቆመ።

«ወስፌው ያንቺ ነው?»

«የእኔ ነበረ» አለች እናናየሁ።

«ነበረ?»

«ለእናቴ ሰጠኋት፣ ለአማቴ። ከመሞቷ በፊት በዋዜማው ተለዋወጥን። የእሷ ይኸው።» ከጉያዋ እጀታው ከእጅ ብዛት የለሰለሰ የወይራ ወስፌ አወጣች።

«ሰርቃት ነው» አለ ገብረኪዳን።

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አሉት ብላታ። «ለምን ተለዋወጣችሁ፣ ልጄ?»

እናናየሁ ወስፌውን ወደ ጉያዋ መለሰች።

«የምትለው ስታጣ እኮ ነው!» አለ ገብረኪዳን። «ጌታዬ፣ እዚህ ሴቶች ወስፌ የሚለዋወጡት ሲለያዩ ብቻ ነው። ልጅ ስትዳር ከእናቷ ጋር ትለዋወጣለች፤ አገር ለቃ የምትሄድ ከጓደኛዋ ጋር ትለዋወጣለች። እህቴ የትም አልሄደችም። እንግዲህ ውሸቷን በገዛ አፏ ነገረችዎ።»

ብላታ ዓይናቸውን ከደኑ። ገብረአብ ተኙ ብሎ ሳል ሊስል ሲል፣ «የትም አልሄደችም» አሉ ሳይገልጡት። «ልትሄድ አስባ ከነበረስ?»

ዓይናቸውን ሲገልጡ በሁለቱ ሴቶች መካከል ያለው ቋጠሮ ተወጥሮ ነበር። አንደኛዋ ስባዋለች፤ ማንኛዋ እንደሆነች ግን አላዩም።

«አስምላኛለች» አለች እናናየሁ።

«ማን?»

«እናቴ። እንዳልናገር በማርያም ስም አስምላኛለች።»

ወደ ማታ እናናየሁ ድካም አሸነፋትና በተቀመጠችበት፣ ራሷን ወለተሐና ጭን ላይ አድርጋ፣ እንቅልፍ ወሰዳት። ወለተሐና አላነሣቻትም። ከልጅቱ ራስ በላይ እጇን አንሥታ የያዘችውን ሌማት መስፋቷን ቀጠለች። ወስፌው አክርማውን ይወጋል፣ ቀዩ ይገባል፣ ይጠመዘዛል፣ ይሳባል። ብላታ ሲያዩት ጊዜው የቆመ መሰላቸው።

«ቀዩ ያምራል» አሉ።

«በሰለች ናት የምታቀልመው። የሚሰቀለው እኔ ቤት ነው፤ የማለዳዋ ፀሐይ መጀመሪያ የምትነካው ይህን ግድግዳ ነውና። ልጆች ሆነን ጀምሮ የእንሶስላውን ሥር የምቆፍርላት፣ ውኃውን የምቀዳላት እኔ ነኝ። ቅልቅሉን ግን አላየሁትም።»

«ለምን?»

«"ጊዜው ሲደርስ" ትለኝ ነበር።»

«አልደረሰም?»

«ሞተች» አለች ወለተሐና፣ ዓይኗን ከስፌቱ ሳታነሣ።

«በዚያ ማለዳ የት ነበርሽ?»

«ቤቴ። እሪታው ነው የቀሰቀሰኝ። እንደ ሰው ሁሉ ያለኝን አስገብቼ ሮጥሁ።»

ፍየሎቿን መሆን አለበት አሉ ብላታ በልባቸው፤ አለፉት።

ገብረ ጻድቅን ያገኙት ከደሴቲቱ ጀርባ አክርማ ሲያጭድ ነው። አብረውት ትንሽ ቆሙ። ከባሕሩ ማዶ የመዘዞ በኩል ተራሮች በሰማያዊ ጭጋግ ውስጥ ይታያሉ፤ ብላታ እዚያ ማዶ ሌላ ደሴት ያለ መሰላቸው።

«ሚስትህ እናትህን ገደለች ብለህ ታምናለህ?»

«ጌታዬ፣ እናቴን ሞታ አየኋት። ከዚያ ወዲያ ማመኑም አለማመኑም ጠፋብኝ።»

«በዚያ ሌሊት አብራህ አልነበረችም?»

«ነበረች። ግን ተኝቼ ነበር። ተነሥታ ሄዳ ቢሆንስ?»

«ሄዳ ቢሆንስ ትላለህ፤ አልሄደች ቢሆንስ?»

ማጭዱን አዙሮ አዙሮ አየው። «አጎቴ ያውቃል» አለ።

«አጎትህ የሚያውቀው መጮህ ነው» አሉና ጥለውት ሄዱ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። የዚህ ነገር ሥር ታንኳ ላይ እንደሆነ ብላታ ጠርጥረው ነበር። በሰለች ከደሴቲቱ ልትወጣ ከነበረ በእግሯ አትወጣም፤ በባሕሩ ላይ ደግሞ ያለው ባለ ታንኳ ወልደ ሰንበት ብቻ ነው። ወደ ወደቡ ወርደው ታንኳዋን ዞሯት። አፍንጫዋ ላይ ያለው ገመድ አዲስ ነው፤ ሌላው ሁሉ ጠቁሯል።

«ይኼ ምን ሆኖ ነው?»

«አርጅቶ ነው።»

«አፍንጫዋ ብቻዋን አረጀች?»

ወልደ ሰንበት ወደ ዘንጉ ዞረ። ገብረአብ ቀስ ብሎ ከኋላው ቆመ።

«ድንጋይ መታሁ» አለ።

«መቼ?»

«በሰለች የሞተች ዕለት። ጌታዬ፣ እንዳይፈርዱብኝ! እኔ አልነካኋትም።»

ቀስ በቀስ ወጣ። በሰለች መመንኮስ አምሯት ነበር። ደሴቲቱ ብታውቅ እንደማትለቃት ታውቃለች፤ እሷ ከሄደች ቀዩን የሚያቀልም የለምና። ስለዚህ ባለ ታንኳውን ለብቻው ጠርታ፣ ጉም ሳይነሣ መጥቶ እንዲያሻግራት ለመነችው።

«መጣሁ፣ ጌታዬ። ግን ቀዩን አጣሁት።»

«ምኑን?»

«ቀዩን። በጉም ወደቡን የማገኘው በወለተሐና ቤት ቀይ ነው። ሌላው ቀለም ይጠፋል፤ እሱ አይጠፋም። በዚያ ማለዳ ግን የለም። ወዲህ ወዲያ ስል ድንጋይ ላይ ወጣሁ። ተጣራሁ፤ መልስ የሚሰጥ የለም። ሐሳቧን ለውጣ ይሆናል ብዬ ተመለስሁ። መካከል ስደርስ እሪታው ተሰማኝ።»

«ለምን እስካሁን ዝም አልህ?»

«ቀለም ቀማሚያችንን ሊያስኮበልል ነበር ብለው ደሴቱ ላይ እግሬን አያስረግጡኝማ!»

ብላታ ረጅም ጊዜ አዩት። ሰው ሲዋሽ ጉም ይወዳል። ከልጅነቱ ጀምሮ ይህን ውኃ የሚገፋ ሰው ወደቡን ሳተ ማለት አልዋጥላቸው አለ። ምናልባት የታንኳው አፍንጫ የመታው ድንጋይ ሳይሆን የሴትዮዋን ጆሮ ግንድ ነው። ምናልባት መትቶ ደንግጦ ሸሸ።

«ይቋጠር» አሉ።

ከሳሽ ስለሌለው ከገብረአብ ጋር ተቋጠረ። ገብረአብ ዕድሜ ልኩን እንዲህ ያለ ውርደት አላየም፤ ሌሊቱን ሁሉ ባለ ታንኳው ያንኮራፋል እያለ ሲያማርር አደረ።

በሚቀጥለው ቀን ጉም የለም። ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። ብላታ ከደሴቲቱ አናት ላይ ካለች ድንጋይ ተቀምጠው ነገሩን ሲያወጡ ሲያወርዱ፣ ፀሐዩ ጀርባቸውን ሲያሞቃቸው፣ እንደ ልማዳቸው አንቀላፉ። በሕልማቸው ውኃ ላይ ይሄዱ ነበር፤ እግራቸው አይርስም።

እሪታ ቀሰቀሳቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ነው። ለወራት ታመው የተኙት አሮጌው መሪጌታ ዐርፈው ኖሯል።

ብላታ አማትበው ቁልቁል ሲያዩ፣ ያዩትን ለማመን ዓይናቸውን አሹ። ከመጀመሪያው ቤት ቢጫው ጠፋ። ከሚቀጥለው ወይን ጠጁ ጠፋ። ሴቶች ከየደጃቸው ብቅ እያሉ፣ ሳይሮጡ፣ ሳይነጋገሩ፣ አለላውን ከየክፈፉ እያወረዱ በእቅፋቸው ወደ ውስጥ ይገባሉ። አረንጓዴው ሄደ። ከታች ወደቡ አጠገብ ወለተሐና ቀዩን አወረደች፤ ከእሷ ጋር የተቋጠረችው እናናየሁም እየተከተለች ታግዛለች። ትንሽ ቆይቶ በዚያች ሁሉ ደሴት ላይ የቀረው የጭቃና የድንጋይ መልክ ብቻ ነበር። ሕልሙ ያላለቀላቸው መሰላቸው፤ ደረታቸው ውስጥም እንደ ሕፃን የማልቀስ ነገር ተሰማቸው።

በአጠገባቸው ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ ለቅሶው የምትሄድ ሴት አስቆሙ።

«ቀለሙን ለምን አስገባችሁት?»

ሴትዮዋ እንደ ሞኝ አየቻቸው። «ሰው ሞቶ? ሰው ሲሞት ቀለም ይገባል፣ ጌታዬ። እስከ ሠልስቱ ደጅ አይታይም።»

«ሁሉም ቤት?»

«ሁሉም ቤት። ያላስገባች ሴት ጠላት ናት።»

«ከእሪታው በፊት የምታስገባ አለች?»

«ከእሪታው በፊት ማን መሞቱን አውቃ?» አለችና መንገዷን ቀጠለች።

ብላታ ዘርአ ዳዊት ከዚያች ድንጋይ ላይ ለመነሣት ጊዜ ወሰደባቸው። የባለ ታንኳው ጉም እውነት ነበር። እሪታው የተሰማው ባሕሩ መካከል ሲደርስ ነው፤ ቀዩ ግን ከዚያ በፊት ገብቷል። ያለኝን አስገብቼ ሮጥሁ ያለቻቸውም ፍየል አልነበረም። ይህን ሁሉ ቀን የደሴቲቱ ሰው አልደበቃቸውም፤ ማንም ስለ መተንፈሱ ለእንግዳ እንደማይነግር ሁሉ፣ ይህንንም የሚነግራቸው አልነበረም።

መሪጌታው ከተቀበሩ በኋላ ሁሉንም በወለተሐና ቤት ሰበሰቧቸው። ቀዩ አለላ ከጥግ ተከምሯል። ገብረኪዳን ከበሩ ቆመ፤ ገብረ ጻድቅ ከኋላው። ወልደ ሰንበትና ገብረአብ እንደተቋጠሩ ገቡ። ብላታ ከመደቡ ላይ ተቀምጠው የሁሉንም ፊት በየተራ አዩ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን አላንቀላፉም።

«ወለተሐና» አሉ፣ «ፍየል አለሽ?»

«የለኝም።»

«ከእሪታው በኋላ ያለኝን አስገባሁ ያልሽኝ ምን ነበር?»

«ቀዩን ነዋ።»

«ወልደ ሰንበት፣ ቀዩን ያጣኸው መቼ ነው?»

«እሪታው ሳይሰማ በፊት፣ ጌታዬ። ብዙ በፊት።»

ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የደሴቱ ልጅ ነው፤ ማስረዳት አላስፈለገም። ገብረኪዳን ከጥግ ወደተከመረው ቀይ ዞረ። ወለተሐና እጇን ዘርግታ አንድ ዘለላ ቀይ አለላ አነሣች፤ በጣቶቿ መካከል አሳለፈችው።

«ድምፅ ሰምቼ ወጣሁ» አለች። «ድንጋዩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ወዴት ነው አልኋት። ልመነኩስ ነው አለችኝ። ቀዩስ አልኋት። ለእናናየሁ አስተማርኋት አለችኝ። ጭቅጭቅ ያልነው፣ ስትቆጣት የሰማነው፣ ለካስ ትምህርት ኖሯል። ዕድሜዬን ሙሉ ውኃ ቀዳሁላት፤ ትናንት ለመጣች ልጅ ሰጠቻት። እኔን ሳትሰናበተኝ ልትሄድ። ወስፌ እንኳ ከእኔ ጋር አልተለዋወጠችም።»

«ከዚያስ?» አሉ ብላታ፣ ቀስ ብለው።

«ገፋኋት። ልገድላት አልነበረም፤ መግፋቱን ግን ገፋኋት። ድንጋዩ መታት። ውኃው ጉልበት አይደርስም፣ ጌታዬ። እጄን ብሰድድ አወጣት ነበር። ቆሜ አየኋት።»

እናናየሁ ልትሸሽ ፈለገች፤ ቋጠሮው ያዛት።

«ከዚያ እህቴ ሞተች። እህቴ ሞታ ቀይ ደጄ ላይ ይዋል? ተመለስሁና አወረድሁት። ማን ያየኛል፣ ምን ይባላል፣ አላሰብሁም። እሪ የሚል ሰው ስጠብቅ ተቀመጥሁ። እኔ እሪ ልል ብል አፌ እንቢ አለኝ። ይህቺን ልጅ ሲይዟትም አፍ ነበረኝ። ቅናት ያዘኝ፤ ትቅመሰው አልሁ። ኋላ ተቋጠርን። ሌሊት ሌሊት ራሷን ትከሻዬ ላይ ትጥላለች። ያን ጊዜ ልናገር ፈለግሁ፤ ዘገየ መሰለኝ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። መጥራቱ ልብ ያሳርፋል የሚል ግን የለም። ብላታ ሥራቸው ተፈጽሞ ሳለ ደስ አላላቸውም። ገብረአብን በዓይናቸው ጠቀሱት፤ እሱም ራሱን ከባለ ታንኳው ፈቶ የሴቶቹን ቋጠሮ ፈታ።

«ባለ ደሞች» አሉ፣ «ገዳይዋ ይህቻት። ደም ወይስ ምሕረት?»

ገብረኪዳን ከበሩ መቃን ተንሸራቶ መሬት ተቀመጠ። «ምሕረት» አለ። «ሥጋዬ ናት፣ ጌታዬ። አንዲት እህት ቀረችኝ። ምሕረት፣ ምሕረት! ገዳም ትግባ፣ ታልቅስ፣ ንስሐ ትግባ።»

«ገብረ ጻድቅ?»

«አጎቴ ያለው ይሁን።»

እናናየሁ ቆመች። የተፈታው የነጠላዋ ጫፍ እንደተጨማደደ ነው። ድምፅዋ አልጮኸም፤ ለዚህ ይሆናል ሁሉም የሰማት።

«ለእኔ ደም፤ ለእሳቸው ምሕረት» አለች። «እኔ ምናችሁ ነበርሁ?»

ሕጉ ባለ ደሞቹን ብቻ ይጠይቃል።

«ነይ ወደ ቤት እንሂድ» አለ ገብረ ጻድቅ፣ እጇን ሊይዝ እየቃጣ። «አለፈ እኮ። ነጻ ወጣሽ።»

«በዚህ ሁሉ ቀን፣ አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ሰው፣ አልገደለችም ብለሃል?»

ገብረ ጻድቅ ወደ አጎቱ ዞረ። ያን ጊዜ እናናየሁ በሩን አልፋ ወጣች።

ታንኳዋ ስትነሣ ጉሙ ተመልሶ ነበር። ብላታ ከመካከል፣ ገብረአብ ከኋላ፣ ሁለቱ ሴቶች ከፊት ተቀመጡ፤ አንዷ ወደ ገዳም፣ አንዷ መዘዞ ወዳሉት ወላጆቿ ናት። ደሴቲቱ የመሪጌታውን ሐዘን ይዛ ቀለም የላትም፤ ትንሽ እንደራቁ ድንጋዩም ቤቱም ነጭ ውስጥ ገባ። ውኃውን የሚነካው የወልደ ሰንበት ዘንግ ብቻ ነበር።

«ይቅር በይኝ» አለች ወለተሐና፣ በጣም ቆይታ።

እናናየሁ ውኃውን እያየች አሰበችበት። «እርስዎን ይቅር እላለሁ፣ እትዬ» አለች። «አንድ ቀን ይሆንልኛል። እርስዎ ገድለው እንኳ መጀመሪያ ያዘኑላት እርስዎ ነዎት። የሚያቅተኝ እሱ ነው።»

ከዚያ ከኋላቸው፣ ከጉሙ ውስጥ፣ የወንድ ድምፅ መጣ። «እናናየሁ!» ይላል። ውኃ ውስጥ የገባ ሰው መንቦጫረቅ ይሰማል። «እናናየሁ! አላመንሁም ነበር! ልቤ አላመነም ነበር!»

ወልደ ሰንበት ዘንጉን ወደ ላይ አንሥቶ ቆመ። ብላታ ዓይናቸውን ከደኑ፤ ይህን የሚፈርዱት እሳቸው አይደሉምና። ታንኳዋ ለብቻዋ ቀስ ብላ ዞረች። ድምፁ እንደገና ጠራ፤ አሁን ራቅ ብሎ፣ ወዴት እንደሚጠራ ሳያውቅ።

«ልመለስ ወይ፣ እናናየሁ?» አለ ወልደ ሰንበት።

ልጅቱ ሁለት እጆቿን በጉልበቶቿ መካከል አድርጋ አዳመጠች። እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም።

«ለእኔ ነው የሚነግረኝ» አለች። «ለእነሱ መንገር ነበረበት። ግፋ፣ አያ ወልደ ሰንበት።»

ወልደ ሰንበት ዘንጉን ወደ ውኃው ሰደደው።